ሉዊ ፓስተርና ያልተጠበቀው ውጤት

ማስገንዘቢያ፦ ከዚህ በታች የቀረበው ምንባብ የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው። ስታነቡት ሰውየው ምን እንደ ሠራ ብቻ ሳይሆን፣ ያላሰበው ነገር ባጋጠመው ቁጥር ምን እንዳደረገ ጭምር ተከታተሉ። በምንባቡ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ምንባብ

ተማሪዎች፣ ይመስለኛል ማለት ቀላል ነው፤ ማንም ሰው ይለዋል። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ይኸውም የመሰለንን ነገር ለፈተና ማቅረብ፣ ፈተናውም ያልጠበቅነውን መልስ ሲሰጠን ጆሮ ዳባ ልበስ አለማለት ነው። የሳይንስ ሥራ ከግምትና ከወሬ የሚለየው በዚህ ነው። ይህንንም አጉልተው ከሚያሳዩን የሕይወት ታሪኮች አንዱ የፈረንሣዊው የሉዊ ፓስተር ታሪክ ነው። ስሙን ከክትባት ጋር፣ ወይም ወተትን አሙቆ ከጀርም ከማንጻት ዘዴ ጋር አያይዛችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። እዚህ የምንመለከተው ግን ያገኘውን ነገር ብቻ አይደለም፤ ያገኘበትን መንገድ፣ አንዳንድ ጊዜም መንገዱን የሳተበትን ሁኔታ ጭምር ነው።

ፓስተር የተወለደው ዲሴምበር 27 ቀን 1822 በምሥራቅ ፈረንሣይ በምትገኘው በዶል ከተማ ነው። አባቱ በናፖሊዮን ጦር ውስጥ ያገለገለ፣ በኋላም ቆዳ በማልፋት ሥራ የሚተዳደር ሰው ነበር። ልጁ ያደገው ቤተሰቡ ኋላ በሰፈረባት በአርቧ ከተማ ነው። በልጅነቱ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው በሥዕል ችሎታው ነበር፤ የወላጆቹንና የጎረቤቶቹን መልክ የሣለባቸው ሥዕሎች ዛሬም ድረስ ተጠብቀው ይገኛሉ። በትምህርቱ ግን ታታሪ እንጂ ከሁሉ የላቀ አልነበረም። በ1842 የሳይንስ ፈተና ሲወስድ በኬሚስትሪ ያገኘው ውጤት መካከለኛ ነበር። በዚያው ዓመት በፓሪስ ወደሚገኘው ኤኮል ኖርማል ወደተባለው ከፍተኛ የመምህራን ትምህርት ቤት ለመግባት ተፈትኖ አለፈ። ይሁን እንጂ ያገኘው ደረጃ ስላላረካው ዕድሉን ትቶ አንድ ዓመት ተጨማሪ አጠናና በ1843 በተሻለ ደረጃ ገባ። እንግዲህ ገና ከወጣትነቱ፣ ያልጠበቀው ውጤት ሲገጥመው ሰበብ ከመፈለግ ይልቅ ሥራውን እንደገና የመጀመር ልማድ እንደ ነበረው ልብ በሉ።

የመጀመሪያውን ታላቅ ሥራውን የሠራው በ1848፣ ገና የ25 ዓመት ወጣት ሳለ ነው። በዚያን ዘመን የኬሚስትሪ ሊቃውንትን ያስቸገረ አንድ እንቆቅልሽ ነበር። የወይን ጠጅ በሚቀመጥባቸው በርሜሎች ውስጥ ከሚጋገረው አተላ ታርታሪክ አሲድ የሚባል ነገር ይገኛል። ከዚሁ ጋር በአንዳንድ ፋብሪካዎች ፓራታርታሪክ አሲድ የተባለ ሌላ ነገር ተገኝቶ ነበር። ሁለቱ ሲመረመሩ የተሠሩባቸው ንጥረ ነገሮች አንድ ዓይነት፣ መጠናቸውም እኩል ሆኖ ተገኘ። ሚቸርሊኽ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ደግሞ በ1844 ከሁለቱ የሚገኙት ጨዎች በክሪስታላቸው ቅርጽ እንኳ እንደማይለያዩ ገለጸ። ሆኖም አንድ ነገር ይለያቸው ነበር። በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲርገበገብ የተደረገ ብርሃን በታርታሪኩ ውሕድ ውስጥ ሲያልፍ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ በፓራታርታሪኩ ውስጥ ሲያልፍ ግን ፈጽሞ አይዞርም። በሁሉ አንድ የሆኑ ሁለት ነገሮች በዚህ ብቻ እንዴት ሊለያዩ ቻሉ?

ፓስተር አንድ መላ ምት አቀረበ። ብርሃኑን የሚያዞረው የቅንጣቶቹ ቅርጽ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ መሆኑ ሳይሆን አይቀርም ብሎ አሰበ። ይህ እውነት ከሆነ፣ ብርሃን የሚያዞረው የታርታሪኩ ክሪስታል ወደ አንድ ወገን ብቻ ያዘነበለች ትንሽ ገጽ ሊኖረው ይገባል፤ የፓራታርታሪኩ ክሪስታል ግን ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት። ይህ መላ ምት ጥሩ የሚባለው ትክክል ስለ ሆነ አይደለም። ጥሩ የሚያሰኘው ሊወድቅ የሚችልበትን ፈተና አብሮ ይዞ መምጣቱ ነው።

ፓስተር በመጀመሪያ የታርታሪኩን ክሪስታሎች መረመረ። እንዳሰበውም በእያንዳንዳቸው ላይ ሌሎች ሳያስተውሏት ያለፏት ያች ያዘነበለች ገጽ ተገኘች። በልጅነቱ የሰውን መልክ ሲሥል የለመደው የሠዓሊ ዓይን እዚህ ሳይጠቅመው አልቀረም። ቀጥሎ የፓራታርታሪኩን ጨው ሲመረምር ግን ያልጠበቀው ነገር ገጠመው፤ እነዚህም ክሪስታሎች ያዘነበለች ገጽ ነበረቻቸው! ግራና ቀኛቸው እኩል ይሆናል የተባሉት እኩል አልነበሩም። በመላ ምቱ መሠረት ይህ ሊሆን አይገባም ነበር።

ተማሪዎች፣ እስቲ እዚህ ላይ ቆም በሉና ራሳችሁን በእርሱ ቦታ አስቀምጡ። ሁለት ቀላል መንገዶች ከፊቱ ነበሩ። አንደኛው፣ ክሪስታሎቹ በደንብ አልተሠሩም ብሎ ውጤቱን መጣል ነው። ሁለተኛው፣ መላ ምቴ ከንቱ ነው ብሎ ሥራውን መተው ነው። ፓስተር ሁለቱንም አላደረገም። ክሪስታሎቹን አንድ በአንድ እያነሣ፣ ሁሉንም ወደ ራሱ በአንድ አኳኋን እያዞረ እንደገና ተመለከታቸው። በዚህን ጊዜ ገጿ በአንዳንዶቹ ላይ ወደ ቀኝ፣ በሌሎቹ ላይ ወደ ግራ ያዘነበለች መሆኗን አስተዋለ። ሁለቱ ዓይነቶች እንደ ቀኝና እንደ ግራ እጃችን ነበሩ፤ ይመሳሰላሉ፣ አንዱ ግን በሌላው ላይ ተደርቦ አይገጥምም። ከዚህ በኋላ ቅንጣቶቹን በትዕግሥት ለይቶ በሁለት ክምር አስቀመጠና በየራሳቸው ውኃ ውስጥ አሟሟቸው። የቀኞቹ ውሕድ ብርሃኑን ወደ ቀኝ፣ የግራዎቹ ውሕድ ደግሞ ወደ ግራ አዞረው። ሁለቱ በእኩል መጠን ሲቀላቀሉ ግን አንዱ የሌላውን ስለሚያጠፋ ብርሃኑ ሳይዞር ቀረ። መላ ምቱን ያፈረሰ የመሰለው ውጤት መላ ምቱን አስፍቶና አጽንቶ ተገኘ።

ይህ ወሬ ዣን ባፕቲስት ቢዮ ወደተባለው አዛውንት ሊቅ ዘንድ ደረሰ። ቢዮ በብርሃን ጥናት ዕድሜውን ያሳለፈ የ74 ዓመት ሰው ነበር፤ የወጣቱን ቃል ግን እንዲሁ አልተቀበለም። ፓስተርን ወደ ራሱ ቤተ ሙከራ ጠርቶ፣ ራሱ ያዘጋጀውን ንጥረ ነገር ሰጥቶ፣ ሥራው በዓይኑ ፊት እንዲደገም አደረገ። ውሕዱንም ራሱ አዘጋጅቶ በራሱ መሣሪያ ተመለከተ። ብርሃኑ ወደ ግራ ሲዞር ባየ ጊዜ በደስታ የወጣቱን ክንድ ያዘ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ደጋፊው ሆነ። በሳይንስ ዓለም አንድ ውጤት የሚታመነው ያገኘው ሰው ስለ ተናገረው ሳይሆን፣ ሌላው ሰው ደግሞ ሲሠራው ያው ሆኖ ሲገኝ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በ1854 ፓስተር በሰሜን ፈረንሣይ በሊል ከተማ የሳይንስ ፋኩልቲ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። በ1856 በአካባቢው ከቀይ ሥር ወገን ከሆነ ተክል አልኮል የሚያወጣ አንድ ባለ ፋብሪካ ምርቱ ስለ ተበላሸበት የፓስተርን ምክር ጠየቀ። ፓስተርም ማይክሮስኮፑን ይዞ ወደ ጋኖቹ ሄደ። በዚህና በተከታዮቹ ዓመታት ባደረገው ምርመራ፣ መፍላትና መኮምጠጥ ሕይወት የሌላቸው ኬሚካሎች ብቻቸውን የሚሠሩት ሳይሆን፣ ረቂቃን ተሕዋስያን የሚያካሂዱት ሥራ መሆኑን አሳየ። ይህም ወደ አንድ ትልቅ ጥያቄ መራው። እነዚህ ረቂቃን ተሕዋስያን ራሳቸው ከየት ይመጣሉ?

ከጥንት ጀምሮ ብዙ ሰዎች ትናንሽ ፍጥረታት ከሚበሰብስ ነገር ያለ ወላጅ ይወለዳሉ ብለው ያምኑ ነበር። የሩዋን ከተማ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ኃላፊ የነበረው ፌሊክስ ፑሼ በ1858 ይህን እምነት በሙከራ አረጋግጫለሁ ሲል አስታወቀ። ፓስተር ደግሞ ተሕዋስያኑ በአየር ላይ ከሚንሳፈፈው አቧራ ጋር ይመጣሉ የሚል መላ ምት ነበረው። ችግሩ ፈተናውን እንዴት ማዘጋጀት እንደሚቻል ነበር። መረቁን አፍልቶ ብልቃጡን ቢደፍነው፣ ተቃዋሚዎቹ ለሕይወት የሚያስፈልገውን አየር ከለከልኸው ይሉታል። አየሩን በእሳት አንጽቶ ቢያስገባውም አየሩን አበላሸኸው ይሉታል። ስለዚህ አየር እንደ ልቡ የሚገባበት፣ አቧራ ግን የማይገባበት ዕቃ አስፈለገው።

ፓስተር ይህን በሚያስደንቅ ቀላል ዘዴ ፈታው። የብልቃጡን አንገት በእሳት አለስልሶ በመሳብ እንደ ዳክዬ አንገት ቀጭንና ጠመዝማዛ አደረገው፤ ጫፉን ግን ክፍት ተወው። ከዚያም በውስጡ ያለውን መረቅ አፈላ። አየር በክፍቱ ጫፍ ይገባል፤ አቧራው ግን በጠመዝማዛው አንገት ላይ እየተጣበቀ ይቀራል። መረቁ ሳይበላሽ ቀናት፣ ሳምንታት፣ ወራትም አለፉ። ነገር ግን ፓስተር በዚህ ብቻ አልረካም። መረቁ ያልተበላሸው በመፍላቱ ኃይሉን ስላጣ ቢሆንስ? ይህንን ለመለየት የአንዳንዶቹን ብልቃጦች አንገት ሰበረ፤ ሌሎቹን ደግሞ መረቁ እስከ ጠመዝማዛው ድረስ ሄዶ የተጠራቀመውን አቧራ እንዲነካ አዘነበላቸው። ሁለቱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ተበላሹ። ስለሆነም መረቁ ሕይወትን ለማሳደግ የሚችል እንደ ነበረ፣ የጎደለውም ከአቧራው ጋር የሚመጣው ዘር ብቻ እንደ ነበረ ታወቀ።

መላ ምቱ እውነት ከሆነ ሌላም ነገር መከተል ነበረበት፤ አቧራ በሚያንስበት ከፍተኛ ቦታ የሚበላሹት ብልቃጦች ማነስ አለባቸው። በ1860 ፓስተር የተደፈኑ ብልቃጦች ይዞ ተጓዘ። በአርቧ አጠገብ በገጠር ከከፈታቸው 20 ብልቃጦች 8ቱ ተበላሹ። በአንድ ተራራ ላይ 850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከከፈታቸው 20 ብልቃጦች 5ቱ ተበላሹ። በአልፕስ ተራሮች በበረዶው አጠገብ ከከፈታቸው 20 ብልቃጦች ግን የተበላሸው 1 ብቻ ነበር። በ1862 የፈረንሣይ የሳይንስ አካዳሚ ለዚህ ጥያቄ ያዘጋጀውን ሽልማት ለፓስተር ሰጠ።

የብዙ መጻሕፍት ትረካ እዚህ ላይ ያበቃል፤ እኛ ግን አንድ ምዕራፍ እንጨምራለን። ፑሼ በሽልማቱ ተስፋ አልቆረጠም። በ1863 ከባልደረቦቹ ጋር ወደ ፒሬኔ ተራሮች ወጥቶ የፓስተርን ሙከራ ደገመው። የተጠቀመው ግን ፓስተር በሠራበት በእርሾ መረቅ ሳይሆን ደረቅ ሣር በተዘፈዘፈበት ውኃ ነበር። ውኃው አስቀድሞ ፈልቶ የነበረ ቢሆንም፣ በከፍተኛው ተራራ ላይ የተከፈቱት ብልቃጦቹ ሁሉ በተሕዋስያን ተሞሉ። ይህ ለፓስተር ያልተጠበቀ ውጤት ነበር። በዚህ ጊዜ ግን በወጣትነቱ ለክሪስታሎቹ ያሳየውን ትዕግሥት አላሳየም፤ የፑሼን ውጤት የአሠራር ጉድለት ነው ብሎ አለፈው። በ1864 አካዳሚው የሾመው ኮሚቴ ነገሩን ሊመረምር ሲነሣ ፑሼና ባልደረቦቹ ራሳቸውን አገለሉ፤ ድሉም የፓስተር ሆነ።

እውነቱ የታወቀው ከ12 ዓመታት በኋላ ነው። በ1876 ፈርዲናንድ ኮን የተባለው ጀርመናዊ፣ በተከታዩም ዓመት ጆን ቲንዳል የተባለው የብሪታንያ ሳይንቲስት የደረቅ ሣር ባክቴሪያን ጠባይ አብራሩ። ይህ ባክቴሪያ ሁኔታው ሲከፋበት ስፖር ወደሚባል ጠንካራ ልባስ ወዳለው መልክ ይለወጣል፤ ስፖሩም በተራ ፍላት አይሞትም። እንግዲህ ፑሼ ያየው ነገር እውነት ነበር፤ የሰጠው ትርጉም ግን ስሕተት ነበር። ፓስተር ደግሞ ድምዳሜው ትክክል ነበር፤ የተቃዋሚውን ማስረጃ ግን ሳይመረምር ጣለው። አንድ ሰው በትክክለኛው ወገን ቆሞ ሳለ እንኳ ሊማርበት የሚገባውን ውጤት ሊያባክን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን። ፓስተርም በኋላ፣ ከ1876 ጀምሮ ከሌላ ተከራካሪ ጋር በገጠመው ሙግት፣ በእንፋሎት ግፊት እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ማሞቅ እንደሚያስፈልግ ተገነዘበ። ዛሬ በየሐኪም ቤቱ የቀዶ ጥገና መሣሪያ የሚነጻበት አውቶክሌቭ የተባለው ዕቃ ረዳቱ ሻርል ሻምበርላን ከዚህ ተነሥቶ የሠራው ነው።

በ1865 መንግሥት ፓስተርን ወደ ደቡብ ፈረንሣይ ላከው። በዚያ የሐር ትል በሽታ ገብቶ የብዙ ሺህ ቤተሰብ መተዳደሪያ እየጠፋ ነበር። ፓስተር ስለ ሐር ትል ምንም የማያውቅ ሰው ነበር። በታመሙት ትሎች ሰውነት ውስጥ በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ጥቃቅን ነጥቦች ነበሩ። ሌሎች ተመራማሪዎች ነጥቦቹ የበሽታው መንሥኤ የሆኑ ጥገኛ ሕያዋን ናቸው ቢሉም፣ ፓስተር በሽታው ያመጣቸው ምልክቶች እንጂ መንሥኤው አይደሉም የሚል አቋም ያዘ። ሁለት ዓመት ያህል ሲሞክር ግን ሙከራዎቹ በተደጋጋሚ ተቃራኒውን መሰከሩበት። በመጨረሻም የቀድሞ አቋሙን ትቶ ነጥቦቹ መንሥኤ መሆናቸውን ተቀበለ። ይህ ሳያበቃ ሌላ እንግዳ ነገር ተከሰተ፤ ነጥብ ያልተገኘባቸው ትሎችም መሞት ጀመሩ! ፓስተር ይህን ውጤት አልሸሸገውም። መርምሮ፣ አንድ በሽታ የመሰለው ነገር ሁለት በሽታ መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷ እናት የእሳት ራት ለብቻዋ ዕንቁላል እንድትጥል፣ እርሷም ተፈጭታ በማይክሮስኮፕ እንድትመረመር፣ በሽታ ከተገኘባት ዕንቁላሏ እንዲቃጠል የሚያደርግ ዘዴ አስፋፋ።

እነዚህ ዓመታት ለፓስተር የመከራ ዓመታት ነበሩ። ቀደም ሲል በ1859 የበኩር ሴት ልጁን በተስቦ አጥቶ ነበር፤ በ1865 አባቱና ትንሽ ልጁ፣ በ1866 ደግሞ ሌላዋ ሴት ልጁ ሞቱበት። በኦክቶበር 1868፣ በ45 ዓመቱ፣ በአንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ግራ እጁና ግራ እግሩ ሽባ ሆኑ። ሆኖም ሥራውን አልተወም፤ እጁ ሊሠራው ያልቻለውን በረዳቶቹ እጅ ሠራው። ልጆቹን የቀማው ተላላፊ በሽታ ዋና የምርምሩ ዓላማ የሆነውም ከዚህ ወዲህ ነው።

በ1879 ፓስተርና ረዳቶቹ የዶሮ ኮሌራ የተባለውን በሽታ ጀርም በመረቅ ውስጥ እያራቡ ያጠኑ ነበር። ትኩስ የሆነው ጀርም የተወጋች ዶሮ ትሞታለች። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ የቆየውን የተወጉ ዶሮዎች ጥቂት ታመው አገገሙ። እነዚሁ ዶሮዎች በኋላ ትኩሱን ጀርም ሲወጉ ሳይሞቱ ቀሩ፤ አዲስ የመጡት ዶሮዎች ግን በዚያው ጀርም ሞቱ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከበጋ ዕረፍት በኋላ በአንድ የተረሳ ብልቃጥ የተገኘ ድንገተኛ ዕድል ሆኖ ነው። ፓስተር ግን የሙከራ ማስታወሻ ደብተሮቹን ትቶ አልፏል፤ የልጅ ልጁም በ1964 ለፈረንሣይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሰጥቷቸዋል። ደብተሮቹን የመረመሩ የታሪክ ሰዎች ነገሩ የአንድ ቀን ዕድል ሳይሆን፣ ኤሚል ሩ የተባለው ረዳቱ ዋና ተካፋይ የሆነበት የብዙ ወራት ሙከራ ፍሬ መሆኑን ደርሰውበታል።

ፓስተር ከዚህ ውጤት አዲስ መላ ምት አወጣ፤ ጀርሙን ያደከመው አየር ነው አለ። ይህም ተፈተነ። አየር እንዳያገኝ ተደፍኖ የተቀመጠው ጀርም ለብዙ ጊዜ ቢቆይም ገዳይነቱን አልለቀቀም፤ አየር ያገኘው ግን እየደከመ ሄደ። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ጄነር በ1796 ለፈንጣጣ ያገኘው መከላከያ የአንድ በሽታ ብቻ ነበር። አሁን ግን የበሽታን ጀርም በቤተ ሙከራ አድክሞ መከላከያ ማድረግ እንደሚቻል ታወቀ።

ከዚያም ተራው የአባ ሰንጋ ሆነ። ከብት የሚፈጀውን ይህን በሽታ በክትባት እንደሚከላከል ፓስተር ባስታወቀ ጊዜ ያልተቀበሉት ብዙዎች ነበሩ። አንድ የእንስሳት ሐኪም በሕዝብ ፊት እንዲፈተን ጠየቀው፤ እርሱም ተስማማ። ሙከራው በሜይ 1881 በፓሪስ አቅራቢያ ፑዪ ለ ፎር በተባለ መንደር ተጀመረ። 24 በጎች፣ 1 ፍየልና 6 ላሞች በሜይ 5 እና በሜይ 17 ተከተቡ፤ ሌሎች 24 በጎች፣ 1 ፍየልና 4 ላሞች ሳይከተቡ ለማነጻጸሪያ ተቀመጡ። በሜይ 31 ሁሉም ገዳዩን ጀርም ተወጉ። ፓስተር የተከተቡት ሁሉ እንደሚድኑ፣ ያልተከተቡት በጎች እንደሚሞቱ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ቢሳሳት የሚሸሸግበት ቀዳዳ አልነበረውም። በጁን 2 ሕዝቡ ሲሰበሰብ፣ ያልተከተቡት በጎች አብዛኞቹ ሞተው ተገኙ፤ የቀሩትም በዚያው ቀን ሞቱ። የተከተቡት በጎች ግን ቆመው ይግጡ ነበር።

ነገር ግን የማስታወሻ ደብተሮቹ እዚህም ላይ የሚነግሩን ነገር አለ። ሕዝቡ በዚያ ቀን የተሠራበት ክትባት ፓስተር በአየር አማካይነት ያደከመው ነው ብሎ አመነ፤ በእርግጥ የተሠራበት ግን ሻምበርላን በኬሚካል ያዘጋጀው ነበር። ፓስተርም ይህን በግልጽ አልተናገረም። የሙከራው ውጤት እውነተኛ ነው፤ የአሠራሩ ዘገባ ግን ሙሉ አልነበረም። ሌላው ሰው እንዲደግመው የሚፈለግ ሙከራ አሠራሩ ሳይጎድል ሊነገር ይገባል። ወጣቱ ፓስተር በቢዮ ፊት የተፈተነው በዚህ ሕግ እንደ ነበረ አስታውሱ።

የመጨረሻው ታላቅ ሥራው የእብድ ውሻ በሽታን የሚመለከት ነው። የዚህን በሽታ መንሥኤ በማይክሮስኮፕ ቢፈልገው ሊያየው አልቻለም፤ ዛሬ ቫይረስ የምንለው በጣም ረቂቅ ነገር ነበርና። ሆኖም አለማየቱ ከመፈተን አላገደውም። በታመሙ ጥንቸሎች ሕብለ ሰረሰር ውስጥ እንደሚገኝ አውቆ፣ ሕብለ ሰረሰሩን በደረቅ አየር ውስጥ ለቀናት እያደረቀ አደከመውና በውሾች ላይ ሞከረው። ጁላይ 6 ቀን 1885 በእብድ ውሻ የተነከሰ ዮሴፍ ማይስተር የተባለ የ9 ዓመት ልጅ ከአልሳስ ወደ እርሱ መጣ። ፓስተር ሐኪም ስላልነበረ መርፌውን የወጋው ዶክተር ግራንሼ ነው። ልጁ በ11 ቀናት ውስጥ 13 ጊዜ ተወግቶ በሕይወት ቆየ። በእብድ ውሻ የተነከሰ ሁሉ በሽታው አይይዘውም፤ ስለዚህ የአንድ ልጅ መዳን ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም። እስከ ማርች 1886 ድረስ ግን 350 ሰዎች ታክመው፣ ከንክሻው ብዙ ቀናት ዘግይታ ከመጣች አንዲት ልጅ በቀር ሁሉም መትረፋቸውን ፓስተር ገለጸ። ይህ የብዙ ሰዎች ውጤት ነበር የዓለምን እምነት ያተረፈለት። በ1888 ከልዩ ልዩ አገሮች በተዋጣ ገንዘብ በፓሪስ በስሙ የምርምር ተቋም ተከፈተ። በአዲስ አበባም ፓስተር እየተባለ የሚጠራው ስፍራ ስሙን ያገኘው በዚያ ከነበረው የኢትዮጵያ ፓስተር ተቋም ነው።

ሉዊ ፓስተር ሴፕቴምበር 28 ቀን 1895 በ72 ዓመቱ ዐረፈ። ተማሪዎች፣ ከሕይወቱ የምትወስዱት ትምህርት ታላቅ ሰው አይሳሳትም የሚል እንዳይሆን ተጠንቀቁ። በክሪስታሎቹ ዘንድ ያልተጠበቀውን ውጤት እንደ እንግዳ ተቀበለው፤ እንግዳውም ውለታውን ከፈለው። በሐር ትሉ ዘንድ ሁለት ዓመት ታግሎ እጁን ሰጠ፤ በመስጠቱም አሸነፈ። በፑሼ ሣር ዘንድ ግን እንግዳውን ከደጅ መለሰው፤ በብልቃጡ ውስጥ የነበረውም ምስጢር ሌሎች እስኪያገኙት ድረስ ዓመታት ጠበቀ። እናንተም በትምህርት ቤታችሁ ቤተ ሙከራ ስትሠሩ፣ ያገኛችሁት መልስ በመጽሐፉ ውስጥ ካለው ጋር ባይስማማ፣ ቁጥሩን ፍቃችሁ የመጽሐፉን ለመጻፍ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ያያችሁትን እንዳያችሁት ጻፉ፤ ቀጥሎ አሠራራችሁን መርምሩ፤ ከዚያም ድገሙት። ልዩነቱ ከእናንተ ስሕተት የመጣ ከሆነ ስሕተታችሁን ታውቁበታላችሁ፤ ካልሆነ ደግሞ ሌላ ማንም ያላስተዋለውን ነገር አይታችሁ ይሆናል።

መልመጃ አንድ፤ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

1. ፓስተር በ1848 ያቀረበው መላ ምት ምን ነበር? የትኛው ውጤት ነው ያፈረሰው የመሰለው?
2. ቢዮ ሥራው በፊቱ እንዲደገም ያደረገው ለምንድን ነው?
3. ፓስተር የአንዳንዶቹን ብልቃጦች አንገት የሰበረው ምን ለማረጋገጥ ነው?
4. ፑሼ ያየው ነገር እውነት፣ ትርጉሙ ግን ስሕተት ነበር የተባለው ስለምንድን ነው?
5. በፑዪ ለ ፎር ያልተከተቡ እንስሳት ባይኖሩ ኖሮ ሙከራው ምን ይጎድለው ነበር?

መልመጃ ሁለት፤ የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ የያዙትን ፍቺ ጽፋችሁ፣ በእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

መላ ምት፣ ድምዳሜ፣ ማነጻጸሪያ፣ ልባስ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት፣ እጅ መስጠት

መልመጃ ሦስት፤ “ይህ እውነት ከሆነ፣ የታርታሪኩ ክሪስታል ያዘነበለች ገጽ ሊኖረው ይገባል” የሚለው ዓረፍተ ነገር ሁኔታን የሚገልጽ ጥገኛ ሐረግና ዋና ሐረግ አለው። ሁለቱን ለዩ። ከዚያም ከምንባቡ ተመሳሳይ አሠራር ያላቸውን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አውጡ።

መልመጃ አራት፤ ድርሰት። በአካባቢያችሁ ሰዎች እውነት ነው የሚሉትን፣ ነገር ግን ተፈትኖ ያላያችሁትን አንድ ነገር ምረጡ። እንዴት እንደምትፈትኑት፣ ምን ብታገኙ ነገሩ ስሕተት ነው እንደምትሉ፣ ያልጠበቃችሁት ውጤት ቢገጥማችሁም ምን እንደምታደርጉ በአራት አንቀጽ ጻፉ።